አጣና የሚለካው በቀጭን ጫፉ ነው

ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ጣሪያው ሲጠየቅ የቆርቆሮውን ቀለም ይናገራል። ቆርቆሮው የተኛበትን እንጨት የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም። ኮርኒስ ከተመታ በኋላ እሱን የሚያየው አይጥ ብቻ ነው። እኔ ግን ጣሪያ ማለት ይኸው የማይታየው ነው ባይ ነኝ። ያለ ኮንትራክተር ራሱ ለሚያሠራ ሰው ደግሞ ከሲሚንቶም ከብሎኬትም ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የጣሪያ እንጨት ትእዛዝ ነው። የሲሚንቶ ኪሎው ከረጢቱ ላይ ተጽፏል፤ አጣና ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

መሠረቱ የታወቀ ነው። የተለመደው የግል ቤት ጣሪያ የባሕር ዛፍ ትራስ ነው፤ የላይና የታች እንጨቱ 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር፣ የመሐል ቋሚውና ሰያፉ 8። በላዩ 5 በ7 ሞራሌ በየ90 ሳንቲ ሜትሩ ይጋደማል፤ ከዚያ ቆርቆሮ ይመታል። (የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ከ28 ይበልጣል ብሎ የሚኮራ አሠሪ ዛሬም አለ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ባለ 10» ሲባል የቱ ጋ ተለክቶ ነው? ባሕር ዛፍ ከግርጌው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። እንጨት ተራ ውስጥ ግርጌው ወደ ገዢ ዞሮ ይደረደራል፤ ገዢም እሱን አይቶ ይከፍላል። ክብደቱን ግን ቀጭኑም ጫፍ ይሸከማል። ከ10 ወደ 8 መውረድ የአንድ አምስተኛ ጉድለት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ክብ እንጨት ጭነትን የሚቋቋምበት አቅም የሚሄደው በውፍረቱ ኩብ ነው፤ ስለዚህ 8ቱ የ10ሩን ግማሽ ያህል ብቻ ይችላል። ላለመጉበጥ ያለው ግትርነት ደግሞ ወደ 40 ከመቶ ይወርዳል። ቤቱ ላይፈርስ ይችላል፤ ጣሪያው ግን መሐሉ ይረግባል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ባለቤቱም ቆርቆሮውን ይረግማል።

አንድ አዛውንት አናጢ አውቃለሁ፤ እንጨት ሊገዙ ሲሄዱ ሜትር አያወጡም። ከወፍራም ሽቦ የሠሯት፣ ውስጧ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ቀለበት አለቻቸው። ከክምሩ ጀርባ ይዞሩና ቀለበቷን በቀጭኑ ጫፍ ያጠልቃሉ፤ ጫፉ ገብቶ ከላላ እንጨቱ ይመለሳል። ሻጩ «ጋሼ፣ ግርጌውንም ይዩት እንጂ!» ሲላቸው፣ «ግርጌውንማ አንተ አሳየኸኝ፣ ልጄ» ይሉታል።

ርዝመትም የራሱ ወጥመድ አለው። ወርዱ 8.40 ሜትር የሆነ ቤት ግማሹ 4.20 ነው ብሎ የሚያዝ ሞልቷል። ከግድግዳ ወጣ የሚለው 60 ሳንቲ ሜትር ሲጨመር 4.80 ይሆናል። የጣሪያው አናት ከክፈፉ 1.40 ከፍ ካለ፣ ተዳፋቱን ይዞ የሚወጣው እንጨት ድፍን 5 ሜትር ነው። ቆርቆሮም ሞራሌም የሚሰላው በዚሁ 5 ሜትር እንጂ በወለሉ ስፋት አይደለም።

እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ጥላ ሥር ይክረም። ክረምቱ ከደጅ ሲደርስ በሰኔ እየተሯሯጡ የሚያዙ ሰዎች ጠማማውን በምስማር ሊያቀኑት ይታገላሉ፤ አይቀናም። ማሰሪያውም ከዝርዝሩ አይጉደል። ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ ዋናው ጠላቱ ነፋስ ነው፤ ትራሱን ከግድግዳው አናት ቢም ጋር የሚያስር ፌሮ ቢሙ ሳይሞላ መቀመጥ አለበት።

«መቶ አጣና ላኩልኝ» ማለት ትእዛዝ አይደለም፣ ልመና ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት ርዝመቱ፣ የቀጭን ጫፉ ውፍረት፣ ብዛቱና መላጡ ይጻፍ። ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው እንጨቱ ከመኪና ሳይወርድ ጫፍ ጫፉ ከተለካ በኋላ ነው። ሹፌሩ ይቸኩላል፤ ይቸኩል።