ኮግኒቲቭ ራዲዮ

ኮግኒቲቭ ራዲዮ በዙሪያው ያሉትን የራዲዮ ሞገዶች እያዳመጠ፣ ባለፈቃዱ በዚያ ቦታና ሰዓት የማይጠቀምበትን ፍሪኩዌንሲ ለጊዜው የሚጠቀም የገመድ አልባ መገናኛ ዘዴ ነው። ሐሳቡን ጆሴፍ ሚቶላ እና ጄራልድ ማጓየር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ አስተዋወቁ።

ፍሪኩዌንሲ እንደ መሬት በፈቃድ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ይህን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በመዝገብ ላይ የተያዘ ፍሪኩዌንሲ ግን ሁልጊዜና በሁሉም ቦታ ሥራ ላይ አይውልም። ለቴሌቪዥን ከተመደቡት ቻናሎች በአንድ አካባቢ ሳይሠራባቸው የሚቀሩት «ነጭ ቦታ» ይባላሉ። ሞገዳቸው ከዋይፋይ ይልቅ ርቆ ስለሚሄድና ግድግዳን በቀላሉ ስለሚያልፍ ለገጠር ኢንተርኔት ይፈለጋሉ። በኬንያ ናንዩኪ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የማዊንጉ ፕሮጀክት በዚህ መንገድ ትምህርት ቤቶችን ከኢንተርኔት አገናኝቷል።

ቅኝት

ቻናሉ ባዶ መሆኑን ማጣራት ቅኝት ይባላል። ቀላሉ ዘዴ በቻናሉ ላይ ያለውን ኃይል ለክቶ ከተወሰነ ወለል ጋር ማነጻጸር ነው። አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ መሣሪያ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከትልቅ ፎቅ ጀርባ ተቀምጧል እንበል። ፎቁ የቴሌቪዥኑን ሞገድ ስለሚጋርድበት ቻናሉ ባዶ ይመስለዋል። መላክ ሲጀምር ግን በአንቴና የሚያየውን ጎረቤት ሥዕል ያበላሻል። የጎረቤቱ ቴሌቪዥን ተቀባይ እንጂ ላኪ ስላልሆነ፣ መሣሪያው መኖሩን የሚሰማበት መንገድ የለውም። (በዲሽ የሚያዩ ቤቶች አይነኩም፤ ሳተላይት የሚጠቀመው ሌላ ፍሪኩዌንሲ ነው።)

ስለዚህ ወለሉ እጅግ ዝቅ ማለት አለበት። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 መሣሪያዎች እስከ -114 ዲቢኤም ድረስ እንዲሰሙ ጠየቀ፤ ይህም የአንድ ሚሊዋት 250 ቢሊዮንኛ ክፍል ገደማ ነው። ይህን ያህል የሚሰማ መሣሪያ ዋጋው ይወደዳል፣ ተራውን ጫጫታም ጣቢያ መስሎት ባዶውን ቻናል ይተወዋል። ኮሚሽኑ በ2010 ግዴታውን አንሥቶ፣ መሣሪያው ያለበትን ቦታ ለመረጃ ቋት አሳውቆ የተፈቀዱለትን ቻናሎች እንዲጠይቅ አደረገ።

መጋራት

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው አይ-ትሪፕል-ኢ 802.22 ደረጃ ሁለቱንም መንገዶች ይዟል፤ ባለፈቃዱ ከተመለሰ ተጋሪው ቻናሉን በ2 ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ አለበት።

የመረጃ ቋቱ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። በሠርግ አዳራሽ የሚያዘው ገመድ አልባ ማይክራፎን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ የቴሌቪዥን ባንድ ሲሆን፣ በቋቱ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ለማግኘት የሚቀረው ማዳመጥ ነው፤ አንዱ መሣሪያ በፎቅ ቢጋረድ ሌላው እንዲሰማ፣ በተለያየ ቦታ ያሉ መሣሪያዎች የቅኝት ውጤታቸውን ይለዋወጣሉ።