ንዑሰ ክርስቲያኑ ሲጸልይ

በጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አማኝ መሆን የፈለገ ሰው፣ ንዑሰ ክርስቲያን የሚባለው፣ ዘሎ ወደ ጥምቀት አይገባም ነበር። በሮማዊው አቡሊዲስ ስም የሚታወቀው «ሐዋርያዊ ትውፊት» የተሰኘው የሥርዓት መጽሐፍ ሦስት ዓመት እንዲማር ያዝዛል፤ ትጋቱና ጠባዩ ካማረ ግን ጊዜው ሊያጥርለት ይችላል። የየዕለቱ ትምህርት ሲያበቃ ይጸልያል፣ ከምእመናን ተለይቶ። መሳሙ ገና አልተቀደሰምና በመሳም የሚሰጠውን የሰላም ሰላምታም አይሰጥም። መምህሩ፣ ካህንም ይሁን ሌላ፣ እጁን ጭኖ ጸልዮለት ያሰናብተዋል። ከሕዝቡ ጋር ቆሞ የሚጸልየው ከተጠመቀ በኋላ ነው።

ሰውየው የት እንደደረሰ የሚታወቀው እንግዲህ ከማን ጋርና ምን ብሎ እንደሚጸልይ በማየት ነው። «አባታችን ሆይ» እንኳ ለማንም የሚሰጥ አልነበረም። በአውግስጢኖስ ዘመን በሰሜን አፍሪካ ተጠማቂዎች ጸሎቱን ከጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በቃል ተቀብለው፣ አጥንተው መልሰው ይወጡት ነበር። በጥምቀት ልጅነትን ያላገኘ እግዚአብሔርን አባቴ እንዴት ይላል? ከዚያ እጅግ ቀድሞ የተጻፈው ዲዳኬ የተሰኘው መጽሐፍ ይህንኑ ጸሎት በቀን 3 ጊዜ ማድረስን፣ ረቡዕና ዓርብ መጾምን ያዝዛል።

«ሐዋርያዊ ትውፊት» የጸሎት ሰዓቶቹን ያበዛቸዋል፦ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 ሰዓት፣ ሲተኙ፣ በመንፈቀ ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ። የሮም ሰዓትም እንደ እኛ ከንጋት ስለሚቆጠር ማስላት አያስፈልገንም። 3 ሰዓት ላይ ክርስቶስ ተቸነከረ፣ 6 ሰዓት ላይ ጨለማ ሆነ፣ 9 ሰዓት ላይ ጎኑ ተወጋ፤ አማኙ የሕማሙን ታሪክ በየቀኑ በሰዓቱ ይከልሰዋል። ማንበብ የማይችለውን ብዙ ሰው ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። በ3 ሰዓት ከቤቱ ውጭ የሆነ ሰው በልቡ ይጸልያል። ሌሊት የሚነሳ እጁን ታጥቦ ይጸልያል፤ ያላመነች ሚስት ያለችው ወደ ሌላ ክፍል ገለል ይላል። መዳፉ ላይ እፍ ብሎ በትንፋሹ እርጥበት እንዲያማትብም ተጽፏል።

የዚህ መጽሐፍ የግሪክኛ ዋና ቅጂ ከቁርጥራጭ በቀር ጠፍቷል። ከተረፉት ምስክሮች አንዱ ሲኖዶስ የተሰኘው የግእዝ የቀኖና መጽሐፍ ነው፤ በትግራይ በተገኘ የብራና ጥራዝ ውስጥም በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ የተተረጎመ ሌላ ቅጂ አለ። በሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ያደገ አንባቢ ዝርዝሩን ሲያየው ባዳ አይሆንበትም።

ስለ ጸሎቱ አኳኋን ግን ክርክር አልጠፋም። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የካርታጎው ተርቱሊያኖስ ካባቸውን አውልቀው የሚጸልዩትን ያፌዝባቸዋል፦ ጳውሎስ በርኖሱን ከአክርጳ ዘንድ የተወው ሲጸልይ ኖሯል? አርጌንስም ከ30 ዓመት ያህል በኋላ፣ የቤቱ በር ደስ ወደሚል ገጽታ ቢከፈት እንኳ ወደ ምሥራቅ ዞሮ መጸለይ እንደሚበልጥ ጽፏል። ተርቱሊያኖስ በቅዳሜ ሰንበት እንበርከክ ወይስ እንቁም በሚሉት መካከል የነበረውን ጠብም መዝግቧል። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ሁሉም ቆሞ እንዲጸልይ ወሰነ።