ከ1999 ወዲህ ያልተቆጠረች ከተማ

አዳማ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 20 መነሻ ቀን ሆኖ በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 220,212 ነዋሪዎች ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ የከተማዋን በሮች በሙሉ ያንኳኳ ቆጣሪ የለም። ዛሬ በልማት ዕቅድ፣ በመጠጥ ውኃ ጥናት ወይም በትምህርት ቤት ግንባታ ሰነድ ላይ የሚሰፍረው የአዳማ ሕዝብ ብዛት ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ በስሌት የተደረሰበት ነው። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌና ሻሸመኔም ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠማቸውም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 መሠረት ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የምርጫ ክልሎች ወሰንም በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ይከለላል። አገሪቱ ግን እስካሁን የተቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። የመጀመሪያው በወቅቱ በነበረው ጦርነት ምክንያት ገጠሩን ሙሉ በሙሉ ሊያዳርስ አልቻለም፤ ያልተደረሰባቸው አካባቢዎች በግምት ተሞሉ።

በሁለት ቆጠራዎች መካከል ያለው ጊዜ የሚሸፈነው በትንበያ ነው። ሕዝቡ በፆታና በዕድሜ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን የውልደት፣ የሞትና የፍልሰት መጠን እየታሰበ ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻገራል። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት) የሦስተኛውን ቆጠራ ውጤት መነሻ አድርጎ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል ትንበያ አውጥቷል። ለአገር በጠቅላላው ዘዴው እምብዛም አያሳፍርም፤ ውልደትና ሞት በአንድ ሌሊት አይለወጡምና። ችግሩ የሚመጣው ወደ ከተማ ሲወረድ ነው። የአንድን ከተማ ሕዝብ የሚወስነው ከወሊድ ይልቅ የሰው መምጣትና መሄድ ነው፤ ይህ ደግሞ በየዓመቱ የማይመዘገብ ነገር ነው።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቆጠራ መካከል 12 ዓመት ከ7 ወር አለ። በዚህ ጊዜ አዳማ ከ127,842 ተነሥታ 220,212 ስትደርስ ዓመታዊ ዕድገቷ 4.4 በመቶ ገደማ ነበር። ቢሾፍቱ ከ73,372 ወደ 99,928 ስታድግ የእሷ 2.5 በመቶ ብቻ ሆነ። ሻሸመኔ ከ52,080 ወደ 100,454 ዘለለች፤ 5.3 በመቶ ነው። ያኔ ዝዋይ የምትባለው ባቱ ከ20,056 ወደ 43,660 ደርሳ ከ6 በመቶ በላይ አደገች። በአንድ ክልል፣ በአንድ ዘመን፣ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ የተደረደሩ ከተሞች ናቸው። ለአራቱም አንድ አማካይ ምጣኔ የሰጠ ባለሙያ አራቱንም ይስታል።

ያለፈውን ዕድገት ለየብቻ ወደ ፊት መቀጠልም መፍትሔ አይሆንም። አዳማ በ1992 የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ተብላ እስከ 1997 ቆይታለች፤ ስለዚህ 4.4 በመቶ የተለካበት ዘመን ለከተማዋ ያልተለመደ ዘመን ነበር። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ በ2009 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡርና በ2011 የተከፈተው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሁሉም የመጡት ከቆጠራው በኋላ ነው። ባቱን ሠራተኛ በሠራተኛ ያደረጋት ሰፊው የአበባ እርሻም የደረሰው በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ባለው ዘመን ማብቂያ ላይ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሆን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ከ1999 እስከ 2017 ባሉት 18 ዓመታት አዳማ በ3.5 በመቶ ካደገች 409 ሺህ፣ በ4.4 በመቶ 478 ሺህ፣ በ5.5 በመቶ 577 ሺህ ያህል ሰው ይኖራታል። ሦስቱም ምጣኔዎች ለስምጥ ሸለቆ ከተማ ባዕድ አይደሉም። በታችኛውና በላይኛው መካከል ያለው 168 ሺህ ሰው በ1999 ከተቆጠረው የቢሾፍቱ ሕዝብ በእጅጉ ይበልጣል።

ከቁጥሩ በፊት ደግሞ ማን የከተማው ሰው እንደሆነ መወሰን አለበት። ቆጠራው ሰውን የሚመዘግበው በዕለቱ በተገኘበት ሳይሆን ዘወትር በሚኖርበት ቦታ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ ቆጠራው ከኢሬቻ ጋር በተገጣጠመ ዓመት ለበዓሉ ወደ ሆራ አርሰዲ የሚጎርፈው ሕዝብ በሙሉ ለቢሾፍቱ ይጻፍ ነበር። መርሑ ለበዓል ይመቻል፤ ለመቂና ለባቱ የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻ በወቅቱ እየመጣ ለሚመለስ የቀን ሠራተኛ ግን አይመችም። ቤተሰቡ ዘንድ «የለም» ከተባለ፣ በሚያድርበት ኪራይ ቤትም «እንግዳ ነው» ከተባለ ከሁለቱም መዝገብ ይወጣል።

የወሰን ጉዳይም አለ። በቆጠራው አሠራር 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለው የተሰበሰበ መንደር እንደ ከተማ ይታያል፤ የወረዳና የዞን ዋና ከተሞች ደግሞ ቁጥራቸው ምንም ይሁን ከተማ ናቸው። ዳር ያለ የገበሬ ቀበሌ ወደ ከተማ ሲጠቃለል የከተማው ሕዝብ አንድም ሰው ሳይመጣ ይጨምራል። ይህን ከእውነተኛ ዕድገት ያልለየ ሪፖርት እምነት አይጣልበትም።

የቆጠራ መዘግየት የሚጎዳው የሕዝብ ብዛትን ብቻ አይደለም። ስለ ሥራ አጥነት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ቤተሰብ ወጪና ስለ ጤና የሚካሄዱ የናሙና ጥናቶች ሁሉ ቤቶቻቸውን የሚመርጡት ከቆጠራ ቦታዎች (ለአንድ ቆጣሪ ከተከለሉ አካባቢዎች) ዝርዝር ነው። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዘጠኝ ዓመት በቆየው የ1999 ዝርዝር ውስጥ ካሉት 84,915 የቆጠራ ቦታዎች 645ቱን መርጦ ነበር የተነሣው። በተመረጠው ቦታ ያሉ ቤቶች እንደ አዲስ ይመዘገባሉ፤ በዝርዝሩ ውስጥ እንደ ገጠር የሰፈረና ከዚያ ወዲህ ሰፈር የሆነ ማሳ ግን በከተማ ናሙና ውስጥ የመውጣት ዕድል የለውም። በዚህም የሚያመልጡት አዲስ መጤው፣ ተከራዩና ወጣቱ ናቸው፤ የሥራ አጥነት ልኬት ደግሞ ያለ እነሱ ሙሉ አይሆንም።

በጤናው ዘርፍ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። ለክትባት የሚጠበቁት ሕፃናት ብዛት ከትንበያው ይሰላል፤ ትንበያው ካነሰ የተከተቡት ከሚጠበቁት በልጠው ሽፋኑ ከ100 በመቶ በላይ ይሆናል። ትንበያው ሲበዛ ደግሞ ባለሙያው የሌሉ ሕፃናትን ሲፈልግ ይከርማል፤ ያልሠራም ይመስላል።

አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ታስቦ ተላለፈ፤ ለመጋቢት 2011 ተቀጥሮም ተላለፈ። ሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በጸጥታና በመፈናቀል ምክንያት ለአንድ ዓመት አራዘሙት፤ ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ ጦርነትም ተከተለ። መዘግየቱን በጸጥታ ብቻ ማስረዳት ግን የዋህነት ነው። የሕዝብ ብዛት በክልሎች የድጎማ ቀመር ውስጥ ይገባል፤ የብሔርና የቋንቋ ጥያቄም በቅጹ ላይ አለ። የ1999ኙ ውጤት የአማራ ክልልን ሕዝብ ከተጠበቀው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አሳንሶ ሲያሳይ የተነሣው ክርክር ለዓመታት አልበረደም። ማንም ሊያጣበት የሚችል ቆጠራን ለማራዘም ምክንያት አይጠፋም።

ካልተካሄደው ቆጠራ የተረፈ ጥቅም አለ። ለ2011 ዝግጅት በመላ አገሪቱ 149,093 የቆጠራ ቦታዎች በካርታ ተለይተው ነበር፤ የ2019 (እ.ኤ.አ.) አነስተኛ የጤና ጥናት ናሙናውን የወሰደው ከዚሁ ነው። ሌሎች ምንጮችም ይጠቀሳሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ የተመዘገበን ሰው ማንነት ያረጋግጣል እንጂ ያልተመዘገበውን አይቆጥርም። የሳተላይት ምስል ጣሪያ ይለያል፤ በአንድ የአዳማ ግቢ ውስጥ ስንት ተከራይ ቤተሰብ እንዳለ አይነግርም፤ ለኮንዶሚኒየምማ ጭራሽ አይሆንም። የቀበሌ ፋይል የገባውን እንጂ የወጣውን ብዙ ጊዜ አይሰርዝም። ለ2011 የተነሣው ካርታም እያረጀ ነው። እንደ አዳማና ሻሸመኔ ባሉ ከተሞች ዳርቻ ያኔ ለአንድ ቆጣሪ እንዲበቃ ተደርጎ የተከለለ ቦታ ዛሬ ለአንድ ሰው የማይቻል ሊሆን ስለሚችል፣ ቆጣሪ ከመሰማራቱ በፊት የካርታ ሥራው በከተሞቹ ዳርቻ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።