ጮቄ ላይ ወደ ኋላ ዞራችሁ ፎቶ አንሱ

ሰሞኑን ከጉንደ ወይን፣ ከሞጣና ከቢቸና የወጣን ልጆች የድሮ የጮቄ ተራራ ፎቶዎቻችንን አውጥተን እየተላላክን ነው። አዲስ አበባ ያለው፣ ባሕር ዳር ያለው፣ ባሕር ማዶ ያለው ሁሉ ስልኩን እየበረበረ ነው። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀና በአካባቢያችን ውጊያ ከተስፋፋ ወዲህ ድንኳን ተሸክሞ ጮቄን መውጣት ለአብዛኞቻችን የማይታሰብ ሆኗል። ናፍቆታችንን የምንወጣው በፎቶ ነው። በዚህ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን የመጡትን አንድ በአንድ ሳይ አንድ ነገር ስለከነከነኝ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አብዛኞቹ የጫፍ ፎቶዎች ናቸው። ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ ነው። ደስታው ይገባኛል፤ ያን ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ከጫፍ ፎቶ ላይ መንገዱን ማንም አያገኘውም። እኛ ከጎንቻ ሲሶ እነሴ ወገን የወጣንበት መስመር ምልክት የለውም። የገበያ መንገድ አለ፣ የከብት ዱካ አለ። የመጨረሻው የገብስ ማሳ ሲያልቅ የገበያው መንገድ ያልቃል፤ ጓሳው ውስጥ ሲገባ ደግሞ የከብቱ ዱካ አሥር ቦታ ይበተናል። ከዚያ በላይ መንገዱን የሚያውቁት እረኞችና ቀድሞ የሄደ ሰው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ተጓዥ የሚጠቅመው ፎቶ፣ ወደ ላይ ስትወጡ ቆም ብላችሁ ወደ ኋላ ዞራችሁ ያነሳችሁት ነው።

ምክንያቱ ያለው በራሱ በተራራው ቅርጽ ላይ ነው። ጮቄ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ ሾጣጣ ተራራ አይደለም። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው የደጋው ባዛልት ላይ፣ ቅልጥ አለት እየፈሰሰና እየተደራረበ የሠራው ሰፊ እሳተ ገሞራ ነው። ወርዱ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የዝናቡ ውሃ ከአናቱ ተነስቶ በየአቅጣጫው እየቦረቦረው ወረደ። ሙጋና ሱሃ ወደ ምሥራቅ ወገን፣ ጨሞጋና ጀደብ ወደ ደቡብ ወገን፣ ሌሎቹም በሰሜንና በምዕራብ ይወርዳሉ። አባይ ጎጃምን ከሦስት ወገን ዙሮ ስለሚያቅፍ ሁሉም መጨረሻቸው አባይ ነው። በየሁለቱ ወንዝ መካከል የቀረው ሸንተረር ነው፤ ሸንተረሮቹም እንደ ጃንጥላ ዘንግ ሁሉም ከአንድ አናት ይነሳሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ወደ ላይ ስትወጡ መሳሳት ይከብዳል፤ የትኛውንም ሸንተረር ብትይዙ ወደ አናቱ ያደርሳችኋል። ስትወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አናቱ ላይ በጥቂት እርምጃ ያዘነበለ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጥልቅ ሸለቆ ይለየዋል፤ ምሽት ላይ ደግሞ ሌላ ወረዳ ነው። አቋርጦ ለመመለስ ወንዙ ድረስ ወርዶ እንደገና መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜ ጉልበትም ብርሃንም የለም።

ይህን በደንብ የነገሩን የመጨረሻው ማሳ ላይ ገብስ ሲያርሙ ያገኘናቸው አንድ አባት ናቸው። ሰላም ብለን፣ «አባቴ፣ በዚህ በኩል ያደርሰናል?» አልናቸው። ቀና ብለው ጫማችንንም ሸክማችንንም አዩና፣ «መውጣቱንስ ትወጣላችሁ ልጆቼ። የመጣችሁበትን ግን እያያችሁ ሂዱ። ወዲያ ካዘነበላችሁ ቢቡኝ ነው የምታድሩት» አሉን።

አብራን የነበረችው ጓደኛችን ቃላቸውን ይዛ ነበር። ሸንተረር ከሸንተረር በተገናኘ ቁጥር ቆማ ወደ ኋላ ዞራ ታነሳ ነበር። ከአናቱ መውረድ ስንጀምር ቀኑ 7 ሰዓት አልፎ ነበር። ጠዋት እንደ መስተዋት ጥርት ያለው ሰማይ ከቀትር በኋላ መለወጡ ጮቄ ላይ የተለመደ ነው፤ ታች ያለው አገር ሲሞቅ አየሩ እርጥበቱን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ከላይ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ከአባይ በረሃ በኩል የመጣው ጉም አካባቢያችንን ግጥም አድርጎ ዘጋው። ከፊታችን ያለውን ሰው ጀርባ እንጂ ሌላ አናይም። ግማሾቻችን ወደ ግራ፣ ግማሾቻችን ወደ ቀኝ አልን። እሷ ስልኳን አውጥታ አንዱን ፎቶ አሳየችን። ጥቁር አለት አለ፤ አጠገቡ ሁለት ጅብራ ቆሟል። አንደኛው ደርቆ አገዳው ብቻ ቀርቷል፣ ሌላው ሕይወት ያለው ሆኖ ወደ አለቱ ጋደል ብሏል። እጅ ለእጅ ተያይዘን ቀስ ብለን ስንወርድ ያ የደረቀ አገዳ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። አለቱንም በእጃችን ነካነው። የእኛ ሸንተረር ከዚያ በስተቀኝ ነበር። ያ ፎቶ ለዓይን ምንም አይማርክም፤ ለእኔ ግን ከዚያ ጉዞ ከቀሩት ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ስለ ጅብራ ይህን ልጨምር። ጅብራን ምልክት ስታደርጉ የደረቀውን ብቻ አትመኑ። ተክሉ ብዙ ዓመት በዝግታ ያድግና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የደረቀው አገዳ ደግሞ አንድ ቀን በንፋስ ይወድቃል። አለት፣ የምንጭ ዓይን፣ የሸንተረሩ ስብራት ይሻላሉ። ጅብራው ያለበትን ፎቶ ግን አትተዉት፤ ሲነጋጋ ውርጩ ላዩ ላይ እያለ፣ ቅጠሎቹን ወደ መሐሉ ሰብስቦ ቡቃያውን አቅፎ ሲታይ በዚህ ዓለም ላይ ከማውቃቸው ውብ ነገሮች አንዱ ነው።

ተክሎቹን ማወቅ ለሌላም ይጠቅማል። ከፍታ መለኪያ ባይኖርም የቆማችሁበትን ደረጃ ይናገራሉ። አባቶቻችንም አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው ከፍለውታል። ፕሮፌሰር በላይ ስማኔና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት የጮቄን ተፋሰስ በአፈሩ፣ በአየሩና በአራረሱ ስድስት ቦታ ከፍለውታል። እኛ ከታች ተነስተን ስንወጣ ጤፉና ስንዴው ወደ ገብስ፣ ድንችና እንግዶ ይለወጣል፤ ከዚያ አሜጃና አስታ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ጓሳና ጅብራ ነው። ፎቶው ላይ አስታ ካለ ገና አናቱ ላይ አልደረሳችሁም። ጓሳው ውስጥ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እጅብ እጅብ ብሎ የበቀለው ሣር በመካከሉ ያለውን ውሃ የቋጠረ ጉድጓድ ይሸፍነዋል፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እዚያ ነው። እረኞቹ ገሳቸውን ለብሰው በዚያው ላይ ሲሮጡ ማየት ያስደንቃል።

ብርዱንና አየሩን በአጭሩ ልበል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ሞጣና አካባቢው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አናቱ ከዚያ በ10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ንፋሱ ሳይቆጠር። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ደጋ ተወልደን ማደጋችን ይረዳናል፤ ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ በቀጥታ የመጣ ጓደኛ ግን ራሱን ካመመውና ካቅለሸለሸው ጫፉ ይቅር፣ ይዛችሁት ውረዱ።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ ልመለስ። ቴሌግራም ላይ «ፎቶ» ብላችሁ ስትልኩ ምስሉ ይጨመቃል፤ ስልኩ በውስጡ የመዘገበው ቀን፣ ሰዓትና ቦታም ይጠፋል። «ፋይል» ብላችሁ ከላካችሁት ግን ሁሉም እንዳለ ይደርሳል። የስልክ ጂፒኤስ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ የካሜራው የቦታ መመዝገቢያ በርቶ ከነበረ የቆማችሁባት ነጥብ ፎቶው ውስጥ አለች። ቦታው ባይመዘገብም ሰዓቱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ጠዋት ጥላ ወደ ምዕራብ ስለሚወድቅ፣ ሰዓቱን ካወቅን ካሜራው ወዴት እንደዞረ እንደርስበታለን። ከቤታችሁ ውስጥ ወይም ከሰው ግቢ የተነሳውን ግን በፋይል አትላኩ። የእረኛ ልጆችን ፊትም ወላጆቻቸው ሳይፈቅዱ አትበትኑ፤ እንግዳ ብለው ውሃ ያጠጡን ሰዎች ናቸው፣ ይህን ያህል ክብር ይገባቸዋል።

«ይህ ሁሉ ለአንድ የእግር ጉዞ?» የሚል ካለ፣ የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ የሠሩትን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲጓዝ አብረውት የነበሩት ሰዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዘው፣ በሰሜን ኢትዮጵያ እነዚያው ቦታዎች ላይ ቆመው እንደገና አነሱ። ያኔ ተራራው ሁሉ በደን የተሸፈነ ነበር ብለን ስናስብ፣ ብዙ ቦታ ላይ ዛሬ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ከዚያን ጊዜው ተሽሎ ተገኘ። ይህን ማወቅ የተቻለው አንድ ሰው የት እንደቆመ በግልጽ የሚያሳይ ምስል ስለተወ ነው። ወታደሮቹ ስለ ዛፍ ሊነግሩን አስበው አላነሱም።

ጮቄ ላይ እንዲህ ያለ ማስረጃ እጅግ ያስፈልገናል። ማሳው ወደ ላይ እየገፋ ነው፣ አስታው እየሳሳ ነው እንላለን። በየሸንተረሩ የት ድረስ እንደደረሰ፣ የት ላይ ደግሞ ማገገም እንደጀመረ ማሳየት የሚችለው ግን እናንተ ቁርስ ለመብላት ስትቀመጡ ያነሳችሁት፣ ከጀርባችሁ ያለው ቁልቁለት የታየበት ፎቶ ነው። ገበሬውን ለመክሰስ አይደለም። መሬት ያነሰው ሰው ዳገት የሚያርሰው ወድዶ አይደለም። በሲናን በኩል ያለው የጮቄ ኢኮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ሲመረጥ ደስ ያለኝም፣ ተራራውን የሚጠብቅ ሰው ከተራራው እንጀራ ሊያገኝ እንደሚችል ስላሳየ ነው። በእኛም ወገን እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ሲመጣ መንገድ መሪዎቹ የአካባቢው ልጆች እንዲሆኑ መስመሩን ከአሁኑ አጥርተን ማስቀመጥ አለብን።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጫፉን ፎቶ ከላካችሁ በኋላ ወደ ስልካችሁ ተመለሱ። ደብዛዛ ነው፣ ሰው የለበትም፣ ጉም ገብቶበታል ብላችሁ የተዋችሁትን ፈልጉ። ከየትኛው መንደር እንደተነሳችሁ፣ ወሩን፣ እረኞቹ ቦታውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ከሥሩ ጻፉበት። ከጎንቻ ወገን ያለውን መስመር እስከ ላይኛው መንታ ሸንተረር ድረስ አሰባስቤአለሁ። ከዚያ ወደ አናቱ ያለው ሲሶ የሚሆን መንገድና ወደ ቢቡኝ የሚያዘነብለው ቦታ ገና ክፍት ነው፤ በዚያ በኩል ያለፋችሁ ካላችሁ በፋይል ላኩልኝ።