ሀከር ነው ወይስ ኔትወርኩ?

አዳማ ውስጥ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር የሚጫወት ልጅ ሲገደል መጀመሪያ ከአፉ የምትወጣው «ሀከር ነው!» የምትለው ናት። አልፎ አልፎ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የገደለው ርቀት ነው። ሁለቱን መለየት ለተጫዋቹም፣ ስልክ ገዝቶ ለሰጠው ወላጅም ይጠቅማል፤ እውነተኛው አጭበርባሪ የሚደበቀው በኔትወርኩ ሰበብ ነውና።

በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ማጭበርበር አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ የሰፈር ልጅ፤ ሕጉ «የተሸነፈ ይከፍላል»። ፔናልቲ ሲመታ የባላጋራውን አውራ ጣት ሰርቆ የሚያይ አለ። ጎል ሊገባበት ሲል ፖዝ ተጭኖ «ሳላስበው ነው» የሚል አለ። ግን ከኋላ የቆመው ሁሉ ዳኛ ስለሆነ ጩኸቱ ወዲያው ይነሳል። ኦንላይን ሲገባ ይህ ሁሉ ዓይን ይቀርና ፍርዱ ሰርቨር ለሚባል ሩቅ ኮምፒውተር ይሰጣል።

ሩቅ ስል በእውነት ሩቅ ነው። የታወቁት የተኩስ ጌሞች ሰርቨራቸውን ኢትዮጵያ ውስጥ ስለማያስቀምጡ የአዳማ ልጅ የሚገናኘው ከመካከለኛው ምሥራቅ ወይም ከአውሮፓ ጋር ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ዳታው በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት በኩል ወጥቶ የባሕር ውስጥ ኬብል ይይዛል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዳማ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። ኬብል ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ማታ ማታ የሞባይል ኔትወርኩ መጨናነቅ ሲታከልበት፣ ተጫዋቾች ፒንግ የሚሉት ቁጥር 200 ቢያሳይ አይገርምም።

ያ 200 ምን እንደሚያደርግ ቀስ ብለን እንየው። የአዳማው ልጅ ሮጦ ግድግዳ ጀርባ ይገባል። በእሱ ስክሪን ተርፏል። ወሬው ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው ግን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው፤ ባላጋራው ጋ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ። እስከዚያ ድረስ በባላጋራው ስክሪን ላይ ልጁ ገና ሜዳ ላይ እየሮጠ ነው። ባላጋራው ይተኩሳል። ብዙ የተኩስ ጌሞች እንዲህ ሲሆን ሰርቨሩ ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ «ተኳሹ በዚያች ቅጽበት ምን እያየ ነበር?» ብሎ ይመረምራል፤ መትቶታል ብሎም ይፈርዳል። ፍርዱ አዳማ እስኪደርስ ሌላ 100 ይቆጠራል። ልጁ ግድግዳ ጀርባ ከገባ ከአንድ አምስተኛ ሰከንድ በላይ አልፎት ይወድቃል። ማንም አላጭበረበረም።

ደግሞ ገልብጠን እንየው። ይኸው ልጅ ከጥግ ድንገት ብቅ ብሎ ሲተኩስ፣ ባላጋራው ገና ሳያየው ይሞታል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለው ተጫዋች በተራው ስለ አዳማው ልጅ «ሀከር!» ይላል።

እውነተኛው ማጭበርበር ሌላ ነው። አንዱ ዓይነት ኤይምቦት ይባላል፤ ፕሮግራሙ ራሱ መሣሪያውን ወደ ጠላት ጭንቅላት ያዞራል። ሌላው ዎልሀክ ነው፤ በግድግዳ አሳልፎ ያሳያል። ዎልሀክ የሚቻለው ስልኩ የጠላትን ቦታ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ጠላት ከጥግ ሲወጣ በቅጽበት እንዲሳል ሰርቨሩ መረጃውን ቀደም ብሎ ይልካል፤ ስልኩ ደግሞ ይደብቀዋል። አጭበርባሪው መደበቂያውን ይገፈዋል፣ በቃ። ቫሎራንት የተባለው ጌም ሠሪዎች ለዚህ ያመጡት መላ፣ ጠላት ሊታይ እስኪቃረብ ድረስ ቦታውን ጭራሽ አለመላክ ነው። ግን ፒንጉ ከፍ ላለ ተጫዋች መረጃው ቀደም ብሎ ካልተላከለት ጠላቱ ከባዶ ቦታ ዱብ ይልበታል። ስለዚህ ለሩቁ ሰው ሲባል የሚተወው ክፍተት ለአጭበርባሪም ይተርፋል። ከዚህ ችግር ውስጥ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው።

ክፍተቱን ሆን ብለው የሚጠቀሙም አሉ። ላግ ስዊች የሚባለው ዘዴ የራስን ኢንተርኔት በወሳኙ ሰዓት ለአፍታ ቆርጦ መልሶ መቀጠል ነው። በዚያች አፍታ ለሌሎች የቆመ መስሎ ይታይና፣ መስመሩ ሲመለስ የተኮሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዘንባል። ኔት በራሱ በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ሰበቡ የተዘጋጀ ነው፤ «ኔቴ ነው ባክህ!»

ሲስተም በመስበርና የሲስተም ስህተትን በመጠቀም መካከል ያለውን ልዩነት ሳልጠቅስ አላልፍም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በተበላሸባቸው ሰዓታት ብዙ ሰው፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሂሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ አውጥቷል፤ ባንኩ ያላግባብ ወጣ ያለው 801 ሚሊዮን ብር ነበር። ማንም ሲስተሙን አልሰበረም፤ የተሳሳተው ማዕከሉ ነው። በጌም ቋንቋ ይህ ግሊች ነው። ጌም ውስጥም ግድግዳ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አግኝቶ ዝም ብሎ የሚጠቀም ተጫዋች ሀከር አይደለም። እያወቀ ከተጠቀመ ግን በእኔ ሚዛን ከሀከሩ ብዙም አይርቅም፤ ኩባንያዎቹም ለዚህ ያግዳሉ።

ከሀክ፣ ማለትም ከማጭበርበሪያ ፕሮግራም፣ በስተጀርባ ያለው ትልቅ ንግድ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የቻይና ፖሊስ «የዶሮ እግር» በሚል ስም ሀክ ይሸጥ በነበረ ቡድን ላይ ባካሄደው ዘመቻ 10 ሰዎች አስሮ 46 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ይዟል። በኮምፒውተሩ ፐብጂ ላይ ደግሞ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አካውንት ታግዷል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሻንጋይ ውስጥ በተደረገ የካውንተር ስትራይክ ውድድር አንድ የሕንድ ቡድን ተጫዋች ዳኞች ኮምፒውተሩን ሊፈትሹ ሲመጡ ፋይል ለማጥፋት ሲጣደፍ ተያዘ። ሀኩን የጽሑፍ ፕሮግራም አስመስሎ «ወርድ» የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። ቡድኑ ፈረሰ።

እኛ ዘንድ ሀክ በአብዛኛው የሚገኘው በቴሌግራም ነው፤ በነጻ። አደጋውም እዚህ ነው። ከፕሌይ ስቶር ውጭ የተጫነ ፋይል «ኤስኤምኤስ እንዳነብ ፍቀድልኝ» ሲል፣ ልጁ ዒላማውን እያሰበ «እሺ» ይላል። የባንክና የቴሌብር የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው ግን በዚያው ኤስኤምኤስ ነው። ስልኩ የእናትየው ከሆነ ጉዳዩ የጌም መሆኑ ይቀራል።

ታዲያ ሀከሩን በምን እንለየው? ከሞቱ በኋላ የገዳዩን እይታ መመልከት ከሁሉ ይሻላል። ኔትወርክ የጎተተው ሰው ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይስታልም። ዎልሀክ ያለው ግን ማንም በማይታይበት ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ከጀርባው የሚሄደውን ሰው እግር በእግር ይከተላል። ይህን ካዩ ሪፖርት ያድርጉ፤ ካላዩ ይተዉት።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ፐብጂ ሞባይል የያዘውን አጭበርባሪ አካውንት ለ10 ዓመት ያግዳል። ፍሪ ፋየር ከአካውንቱ ጋር ስልኩን ጭምር ያግዳል፤ ስለዚህ ለልጅዎ ያገለገለ ስልክ ሲገዙ ባትሪውንና ካሜራውን ብቻ አይፈትሹ፣ ሻጩ ፊት ጌሙን ከፍተው ይሞክሩት።