አምስት ስፒከር ስላለው ብቻ 5.1 አይባልም! ሆም ቴአትር ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ፍንዳታው ቤቱን ያናውጠዋል፣ የተዋናዮቹ ንግግር ግን አይሰማም። ድምፅ ስትጨምሩ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፣ ስትቀንሱ ደግሞ ንግግሩ ጭራሽ ይጠፋል። ሪሞት እንደያዛችሁ ፊልሙ ያልቃል። ይሄ ሁሉ ስንት ወር ተጠብቆ በወጣ የዕቁብ ብር በተገዛ ሆም ቴአትር ሲሆን ደግሞ ያናድዳል።

ብዙ ጊዜ ችግሩ የዕቃው ርካሽነት ብቻ አይደለም። ሱቅ ስንገባ ዓይናችን የሚያርፈው የሚብለጨለጨው መብራት፣ የስፒከሩ ብዛትና ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ላይ ነው። መታየት ያለበት ግን ሌላ ነው። ዛሬ ጠበብ ያለ ሳሎን ላላችሁ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፣ ትንንሽ ስፒከርና ሳብዉፈር እንዴት እንደሚመረጥ አንድ በአንድ እናያለን።

1. 5.1 ሲባል ምን ማለት ነው?

አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ ከፊት ግራና ቀኝ፣ መሃል ላይ ሴንተር፣ ከጎን ወይም ከኋላ ደግሞ ሁለት ሰራውንድ። "ነጥብ አንድ" የምትባለው ለሳብዉፈሩ የተመደበችው ቻናል ናት። ሙሉ አንድ ያልተባለችው የድምፁን ታችኛ ክፍል ብቻ ስለምትይዝ ነው። የሰው ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ እሷ የምትሸከመው ግን ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ስድስቱም የየራሳቸውን ድምፅ ይዘው መምጣታቸው ነው። መኪናው ከኋላችሁ መጥቶ በቀኝ በኩል ያለፈ የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ ዶልቢ ዲጂታል በሚባለው ዘዴ መጀመሪያ የታየው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው "ባትማን ሪተርንስ" ነው። ዛሬ ሳሎናችን የምናስገባውም የዚያኑ ዘር ነው።

2. ብዙዎችን የሚሸውደው ቀዩና ነጩ ገመድ

ገበያ ላይ "5.1" ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ከቲቪ ጋር የሚገናኙት በቀይና ነጭ ገመድ ወይም በብሉቱዝ ብቻ የሆኑ ሞልተዋል። ቀይና ነጭ ማለት ሁለት ቻናል ማለት ነው። ከሁለት ቧንቧ የመጣ ውኃ ለአምስት ባልዲ ስለተከፋፈለ አምስት ዓይነት ውኃ አይሆንም። የኋላ ስፒከሮቹ የፊቱን ድምፅ ይደግሙታል፣ በቃ። ብሉቱዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተላልፈው ሁለት ቻናል ነው፤ አንዳንዴ ድምፁ ዘግይቶ ከተዋናዩ አፍ ጋር አይገጥምም።

ስለዚህ ዕቃውን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። "ኤአርሲ" የሚል የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ወይም ኦፕቲካል መኖር አለበት፤ እንዲሁም ዶልቢ ዲጂታል እንደሚፈታ መጻፍ አለበት። ቲቪያችሁስ ከነዚህ አንዱ አለው? ከቤት ሳትወጡ የቲቪውን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ለ5.1 ኦፕቲካል ይበቃል።

3. የምታዩት ፊልም ራሱ 5.1 ነው ወይ?

ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቁት አብዛኞቹ የአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎች ድምፃቸው ስቴሪዮ ነው፤ ማለትም ሁለት ቻናል። በፍላሽ የምታስጭኗቸው ፊልሞችም ፋይሉ እንዲያንስ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሁለት ቻናል ይወርዳሉ። ኔትፍሊክስ ላይ ግን ብዙ ፊልሞች 5.1 አላቸው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ፋይሉን ስልካችሁ ላይ በቪኤልሲ ከፍታችሁ መረጃውን ተመልከቱ። የድምፅ ቻናሉ 2 ካለ ስቴሪዮ ነው፣ 6 ካለ 5.1 ነው።

የምታዩት በሙሉ ስቴሪዮ ከሆነ የእኛ ምክር ግልጽ ነው። በዚያው ብር ሁለት ደህና ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር፣ ማለትም 2.1፣ ብትገዙ ከአምስት ደካማ ስፒከር ይሻላችኋል። ሻጩ ይሄን ላይነግራችሁ ይችላል።

4. የዋት ጨዋታ

ካርቶኑ ላይ "10,000 ዋት ፒኤምፒኦ" የሚል ካያችሁ ፈገግ በሉና እለፉት። ፒኤምፒኦ ለማሻሻጫ የሚጻፍ ቁጥር እንጂ ዕቃው በተግባር የሚያወጣው ጉልበት አይደለም። የሚጠቅመው "አርኤምኤስ" የሚለው ነው፤ ዕቃው ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ያሳያል።

አርኤምኤስ ካልተጻፈስ? ዕቃው ጀርባ ላይ ከመብራት የሚወስደውን ዋት የሚናገር ጽሑፍ ፈልጉ። ከሶኬት 80 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 1,000 ዋት አውጥቶ ሊዘልቅ አይችልም። ያልገባ ነገር ከየት ይወጣል?

ደግሞ ዋት እጥፍ ሆነ ማለት ድምፅ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ለጆሯችን እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ዋቱ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ በ50 እና በ60 ዋት መካከል ላለው ልዩነት ብር አትጨምሩ።

5. ትንሽ ይሁን፣ ግን ምን ያህል ትንሽ?

ቤዝ ማለት ብዙ አየር መግፋት ማለት ነው። የቡና ስኒ የምታክል ስፒከር ይሄን አትችልም፤ ስለዚህ ሥራውን ለሳብዉፈሩ ታስረክባለች። ርክክቡ የሚደረግበት ነጥብ ክሮስኦቨር ይባላል። በብዛት የሚመከረው 80 ኸርዝ ነው። ከዚያ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሯችን ለመለየት ይቸገራል፤ ሳብዉፈሩ ጥግ ቢቀመጥም አይታወቅብንም።

በጣም ትንንሾቹ ስፒከሮች ግን እስከ 150 ወይም 200 ኸርዝ ድረስ ያለውን ሁሉ ለሳብዉፈር ይለቃሉ። የወንድ ድምፅ ደግሞ እዚያ ክልል ውስጥ አለ። ውጤቱ? ተዋናዩ ቲቪው ላይ እያወራ ጎርናናው ድምፁ ከሶፋው ጥግ ይመጣል።

ስለዚህ የስፒከሩ ክብ 10 ሴንቲ ሜትር (4 ኢንች) ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከላዩ ደግሞ ለቀጭን ድምፅ የሚሆን ትንሽዬ ትዊተር ይኑረው። መረቡ የሚነሳ ከሆነ አስነስታችሁ እዩ፤ አንዳንዱ ከፊት ሁለት ክብ ያለው እየመሰለ አንዱ ጌጥ ብቻ ነው።

ብር ካነሳችሁ የምትቆጥቡት ከኋላዎቹ ላይ ይሁን እንጂ ከሴንተሩ ላይ አይሁን። የፊልም ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው። መግቢያው ላይ ያነሳነው "ንግግሩ አይሰማም" የሚለው ችግርም ብዙ ጊዜ ምንጩ ደካማ ሴንተር ነው። ሦስቱ የፊት ስፒከሮች የአንድ ቤተሰብ ምርት ቢሆኑ ደግሞ ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቃናው አይቀየርም።

6. ሳብዉፈሩስ?

ለተለመደ የኮንዶሚኒየም ሳሎን 8 ኢንች ወይም 10 ኢንች ይበቃል። የራሱ አምፕሊፋየር፣ የራሱ ድምፅ መቀነሻና ክሮስኦቨር መቆጣጠሪያ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ስንት ኸርዝ ድረስ እንደሚወርድ ጠይቁ፤ 35 ኸርዝ አካባቢ ከደረሰ ለፊልም ጥሩ ነው።

አቀማመጡ ላይ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ሳብዉፈሩን እናንተ የምትቀመጡበት ሶፋ ላይ አድርጉትና ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በግድግዳው ሥር ዙሩ። ቤዙ ሳይጮህ፣ ሳይጠፋም ጥርት ብሎ የተሰማችሁ ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ጥግ ላይ ማድረግ ድምፁን ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያጎራብጠዋል።

የፊት ሁለቱን ስትቀመጡ በጆሯችሁ ከፍታ አድርጓቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእናንተ እስከ እያንዳንዳቸው ካለው ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው። ሶፋችሁ ግድግዳ ተደግፎ ከሆነ ሰራውንዶቹን በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏቸው።

7. ጎረቤት

የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። መጋረጃና ምንጣፍ የሳሎኑን ማስተጋባት ይቀንሳሉ እንጂ እንዲህ ያለ ቤዝ አያስቆሙም። ቤዙ በኮንክሪቱ አድርጎ ላይኛውም ታችኛውም ቤት ይገባል። ታች ያሉት እናት ፊልሙን አይሰሙም፤ የሚሰሙት "ዱም ዱም" ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሙሉ ድምፅ የባሰ ይረብሻል።

ከሳብዉፈሩ ሥር ወፈር ያለ ስፖንጅ ማድረግ ወደ ወለሉ የሚሄደውን ንዝረት ትንሽ ይቀንሳል። ማታ ማታ ግን መፍትሔው ሳብዉፈሩን ዝቅ ማድረግና "ናይት ሞድ" የሚለውን ማብራት ነው፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርግላችኋል። ግቢው ውስጥ ለቅሶ ካለ ደግሞ ምክር አያስፈልጋችሁም።

8. መብራትና ከውጭ የመጣ ዕቃ

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ወንድማችሁ ወይም አክስታችሁ ከአሜሪካ ዕቃ ከላኩላችሁ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። "100-240" የሚል ከሆነ ችግር የለውም። 120 ብቻ ከሆነ ግን ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ካልገባለት ይቃጠላል። የሶኬት መቀየሪያ የመሰኪያውን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀንስም።

መብራት ሲጠፋም ከሶኬት ንቀሉት፤ ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ መልሱት። ሲመለስ ከፍና ዝቅ እያለ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ይገድላል።

9. ሱቅ ውስጥ እነዚህን አድርጉ

በፍላሽ የራሳችሁን ፊልም ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለ 6 ቻናል ይሁን። ሻጩ የሚከፍተው ዘፈን ዕቃውን እንዲያሳምር የተመረጠ ነው።

ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ንግግር ስሙ። ዝቅ ሲል የማይሰማ ንግግር ቤትም አይሰማም።

ወንድ ሲያወራ ጆሯችሁን ወደ ሳብዉፈሩ አስጠጉ። ቃላቱ ከዚያ ጥርት ብለው ከተሰሙ ስፒከሮቹ ከሚገባው በላይ አንሰዋል።

የኋላ ስፒከሮቹ ጋ ቆማችሁ ስሙ። ከፊቶቹ ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ካላቸው 5.1 አይደለም።

ገመዱን እዩ። በራሱ ልዩ መሰኪያ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ዋናው ማሽን የተበላሸ ቀን ስፒከሮቹንም ለሌላ ማዋል ይከብዳል። ተራ ቀይና ጥቁር ሽቦ የሚቀበል ይሻላል።

ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ። "ችግር የለም፣ እኛ አለን" ደረሰኝ አይሆንም።

ብሩ ስንት ወር የተጠራቀመ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት መቆየት አይበዛበትም። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች! ሰሞኑን ሆም ቴአትር ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ብሩን ሳያወጣ በፊት ይቺን ላኩለት።