ኒኖርስክ፦ ከገበሬ አንደበት የተለቀመ የጽሑፍ ቋንቋ

ኒኖርስክ በኖርዌይ በሕግ እኩል ከሆኑት ሁለት የኖርዌይኛ አጻጻፎች አንዱ ነው፤ በተጠቃሚ ቁጥር ግን አናሳው ነው። ከመጀመሪያና ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በዋና ቋንቋነት የሚማሩበት ከመቶ 12 ያህሉ ብቻ ናቸው። አባቱ በስም ይታወቃል፦ ኢቫር ኦሰን።

ኖርዌይ ከ400 ዓመት በላይ ከዴንማርክ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ኖራለች። በዚህ ጊዜ የጥንቱ የኖርዌይ የጽሑፍ ቋንቋ ጠፍቶ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም በዴንማርክኛ መጻፍ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1814 አንድነቱ ሲፈርስ ዴንማርክኛው በቦታው ቀረ። በየሸለቆው ያለው ገበሬ ግን አፉን የፈታበትን፣ ከጥንቱ ቋንቋ የወረደውን ዘዬውን እንደተናገረ ነበር። አንዳንዶች ዴንማርክኛውን ቀስ በቀስ ወደ ኖርዌይኛ ማቅረብ መረጡ፤ ዛሬ ብዙኃኑ የሚጽፉበት ቡክሞል የመጣው ከዚያ ነው። ኦሰን ግን ከገበሬው አንደበት ተነሣ።

ኦሰን በ1813 በምዕራብ ኖርዌይ፣ በኧርስታ፣ ከአነስተኛ ገበሬ ቤት ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ዕፅዋት እየለቀመ ያደርቅና ይመድብ ነበር። ቃላትንም በዚያው ዓይን ሳያያቸው አልቀረም። ከ1842 እስከ 1846 በትሮንድሃይም የሳይንስ ማኅበር ድጎማ አገሩን እየዞረ ዘዬዎችን መዘገበ። በ1848 ሰዋስው፣ በ1850 ደግሞ 25,000 ያህል ቃላት የያዘ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ላንስሞል ያለው፣ ዛሬ ኒኖርስክ የሚባለው የጽሑፍ ቋንቋ መልኩን የያዘው በ1864ቱ ሰዋስውና በ1873ቱ መዝገበ ቃላት ነው።

ዘዬዎቹ ሲለያዩ ኦሰን ብዙ ሰው የሚለውን ቆጥሮ አልመረጠም። የመረጠው የሌሎቹን መነሻ የሚያሳየውን፣ ከጥንቱ የኖርዌይ ቋንቋ፣ ከኖርስኛ፣ ጋር የሚገጥመውን ቅርጽ ነው። ድንጋይ በዴንማርክኛ «ስቴን» ነው፤ ኦሰን ግን ጥንታዊውን ድርብ አናባቢ ጠብቆ «ስታይን» አለ። «ቤቱ» የሚለው ቃል በአብዛኞቹ ዘዬዎች «ሁሰ» ተብሎ ሲነገር በጽሑፍ መጨረሻው ላይ የማይነበብ «ት» አለ፤ የጥንቱ ቃል በ«ት» ያልቅ ነበርና። በአማርኛ «ሠ» እና «ሰ» በአንድ ድምፅ እየተነበቡ በጽሑፍ የሚለዩበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። የኦሰን ፊደል የቃሉን የትውልድ ሐረግ ያስቀድማል፤ በዚህም አንዱ አጻጻፍ በየሸለቆው እንደየዘዬው ሊነበብ ይችላል።

ዘዴው ዋጋም አስከፍሏል። «ፀሐይዋ» ለማለት ኦሰን «ሱሊ» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰው ግን «ሱላ» ይል ነበር። በ1938ቱ ማሻሻያ «ሱላ» ዋናው ቅርጽ ሲሆን «ሱሊ» ጨርሶ ከሕጋዊው አጻጻፍ የወጣው በ2012 ነው። ተቃዋሚዎች ቋንቋውን «ሰው ሠራሽ» ይሉታል። ነቀፌታው ግማሽ እውነት አለው፤ ኦሰን እንደጻፈው አድርጎ የሚናገር አንድም መንደር አልነበረም። ቃላቱና ሰዋስዉ ግን የተለቀሙት ከሕያው አንደበት ነው፤ ከባዕድ ጽሑፍ ተነሥቶ የተሻሻለው ቡክሞልም ከዚያ ያነሰ የሰው እጅ አላረፈበትም።

ፓርላማው በ1885 ላንስሞልን ከዴንማርክኛው ጋር እኩል አደረገ፤ ኒኖርስክ የሚለው ስም ሕጋዊ የሆነው በ1929 ነው። በ1944 ከመቶ 34 ያህል ተማሪዎች ይማሩበት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አሽቆልቁሏል። የጽሑፉ ክብር ግን ከቁጥሩ ጋር አልወረደም፦ በ2023 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ዩን ፎሰ የሚጽፈው በኒኖርስክ ነው። ዛሬም አንድ ኖርዌያዊ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በኒኖርስክ ቢጽፍ፣ መልሱን በዚያው በኒኖርስክ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው።